የግራ እጅ ሰላምታ

መንገዱ ሲሰፋ ጎረቤት ሁሉ ተነሥቶ ሄደ፤ እትዬ በላይነሽ መታጠፊያው ላይ ብቻቸውን ቀሩ። ሰላም የሚላቸው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ በብስክሌት ሥራ የሚሄድ ጎልማሳ። ጠዋት ጠዋት በራቸው ጋ ሲደርስ ፍጥነቱን ቀነስ፣ ወደ ኋላ ዞር ብሎ አየት ያደርግና ግራ እጁን ይዘረጋል። እሳቸውም "እግዜር ይስጥልኝ፣ በሰላም ዋል" ብለው ጎንበስ ይላሉ።

ትናንት ግን እጁን ሳይዘረጋ አለፈ። ሲብሰለሰሉ አደሩ። ዛሬ የመታጠፊያው የትራፊክ መብራት ሲይዘው ጠብቀው ቀረቡት።

"ልጄ፣ ምን አስቀይሜህ ነው ትናንት ሰላም ሳትለኝ ያለፍከው?"

ሰውዬው ጥቂት አሰበ።

"ትናንት ቀጥታ ነው የሄድኩት፣ እማማ። እጄን የምዘረጋው ስታጠፍ ነው።"

መብራቱ ለቀቀው። ግራ እጁን ዘርግቶ ታጠፈ፤ እትዬ በላይነሽም እንደ ልማዳቸው ጎንበስ አሉ።