የማክሰኞው ቃል

መቅደላዊት ማክሰኞ ማለዳ ስልኳ ላይ የመጣውን ዓረፍተ ነገር እንደ ወትሮዋ ጮክ ብላ አነበበችው። «ባልየው ከስንት ዘመን በኋላ ተመልሶ ደጃፉ ላይ ቆመ። ሚስቱን አየና፣ ‹ብዙ...› አላት። የጎደለችው ቃል አምስት ፊደል ናት፣ አባባ።»

አባቷ አቶ አዘዘ ጣና ዳር፣ ዋርካው ሥር ካለው አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ውኃውን ያያሉ።

በየማለዳው ስልኳ ላይ ከአንድ ልብ ወለድ የተወሰደ፣ አንድ ቃል የጎደለው ዓረፍተ ነገር ይመጣል፤ ጨዋታው የጎደለውን ቃል መገመት ነው። አቶ አዘዘ ሠላሳ ዓመት የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ መካኒክ ሆነው ሲሠሩ ልብ ወለድ ከኪሳቸው ተለይቶ አያውቅም፤ እሷ ሦስቴ ሞክራ የምትስተውን እሳቸው ባንዴ ያገኙት ነበር። «እናንተ የፔዳ መምህራን ታነባላችሁ እንጂ አትሰሙም» እያሉ በዩኒቨርሲቲ መምህርነቷ ይስቁባት ነበር። ጥቅምት ላይ ግን ስትሮክ መታቸው። እግራቸው ቀስ በቀስ ተመለሰ፤ አንድ እጃቸውና ንግግራቸው ግን ቀሩ። ሐኪሙ «ብቻ ማናገሩን አታቋርጡ» ከማለት በቀር ተስፋ አልሰጠም።

አላቋረጠችም። ስድስት ወር ሙሉ፣ ክፍል ከመግባቷ በፊት እዚህ እያመጣች አነበበችላቸው። ብቻዋን ገመተች፣ ብቻዋን ተሳሳተች።

«‹ናፈቅሁሽ› ይሆናል» ብላ ጻፈች። የመጨረሻዋ «ሽ» ብቻ ቦታዋን አግኝታ አረንጓዴ ሆነች፤ ሌላው አልገጠመም። «አይደለም፣ አባባ።»

ሁለተኛውን ልትሞክር ስትል አቶ አዘዘ እጇን ያዟት። ከንፈራቸው ተንቀጠቀጠ።

«ቆ...»

ጠጋ አለቻቸው።

«ቆየ... ቆየሁብሽ።»

ድምፁ ሻክሯል፤ ቢሆንም የእሳቸው ነው። ጻፈችው። አምስቱም ሳጥኖች አረንጓዴ ሆኑ።

«አገኟት! አባባ፣ አገኟት እኮ!» ብላ ስልኩን ብታዞርላቸው አላዩትም። የሚያዩት እሷን ነው። ዐይናቸው እንባ አቅርሯል።

«ቆየሁብሽ» አሉ ደግመው፣ አሁን ሳይንተባተቡ።

ስልኩ ከእጇ ወደቀ።

«ኧረ አልቆዩም! አልቆዩብኝም፣ አባባ!» ተንበርክካ ጉልበታቸውን ሳመች። «ተመስገን፣ ተመስገን» ከማለት ሌላ ቃል የጠፋት አሁን እሷ ሆነች። ሁለት ሰዓት ላይ ተማሪዎች ይጠብቋታል፤ አልተነሳችም።

አቶ አዘዘ በደኅናው እጃቸው አገጯን ቀና አደረጉት።

«መቅ...» ብለው ጀመሩ።

ስሟ ረዥም ነው። ቀድማ ልታግዛቸው አልፈለገችም፤ ከንፈር ከንፈራቸውን እያየች ጠበቀች።