አንድ ስንዝር

ኮምፒውተር መሸጫው ውስጥ አባትየው ከኪሱ ባለቋጠሮ ሲባጎ አውጥቶ፣ ከሁለቱ ስክሪኖች በትንሹ ወርድ ላይ ሲዘረጋው ቋጠሮው ልክ ጠርዙ ላይ ዋለ። የሴት ልጁን የሥራ ጠረጴዛ ቁምሳጥንና ግድግዳ መሃል እንዲገባ አድርጎ የሠራላት ራሱ ነው፤ ከዚያ ቋጠሮ ያለፈ ስክሪን አይቀመጥበትም። "ሃያ አራት ኢንቹም ሠላሳ ሁለት ኢንቹም ምስሉን የሚሠሩት ነጥቦች ቁጥራቸው እኩል ነው" አላት ሻጩ ልጅቷን። "ትልቁ ላይ ግን ስለሚራራቁ ምስሉ ይሻክራል። ለሥዕልና ለጌም ሥራ ትንሹ ይሻልሻል።" እሷም ልትገዛ የመጣችው ትንሹን ነበር።

የምትሠራውን ጌም በሁለቱም ላይ ከፈተችው። ጌሙ ውስጥ አጥር ሥር አንድ ሰው ምስማር ይመታል። "አየኸው አባዬ?" ሐኪም የአባቷ የዓይን ብርሃን ከዓመት እንደማያልፍ ነግሯቸዋል። ሽማግሌው አንገቱን አስግጎ ትንሹን አየ። "ዝንብ ነው እንዴ የሳልሽው?" ሻጩ ሳቀ። እሷ ግን የአባቷን ክንድ ይዛ ወደ ትልቁ አዞረችው።

ሽማግሌው ወደ ስክሪኑ ተጠጋ። ከዚያ ጣቱን ቀስ አድርጎ በሰውዬው እጅ ላይ አሳረፈ።

"ይሄ ሰው መዶሻ የሚይዘው በግራው ነው።"

"አዎ አባዬ።"

"እንደኔ።"

"አንተ ነህ እኮ።"

ወደ ሻጩ ዞራ "ትልቁን ስጠኝ" አለችው።

"ቆይ፣ ቆይ" አለ አባትየው። ጠረጴዛው አይበቃውም ሊላት መስሏት መልስ አዘጋጀች። እሱ ግን "ተመስገን፣ አየሁት። ቁምሳጥኑን ገፋ አድርገን ጠረጴዛውን አሰፋልሻለሁ" ብሎ ቋጠሮውን በጥርሱ ፈታ፤ የትልቁን ጠርዝ በግራ እጁ ዳብሶ፣ ከቀድሞው አንድ ስንዝር ያህል ወዲያ አዲስ ቋጠሮ አሰረ።