የምራቷ ቋንቋ

ልብስ ሰፊዋ እንደ ልማዷ እስፒሎቹን በከንፈሯ ይዛ፣ ተንበርክካ የምራቷን ቀሚስ ጠርዝ ታጥፍ ነበር። ምራቷ ከባሕር ማዶ ከመጣች ወዲህ በስፌት ክፍሉ ወረቀት ያልተለጠፈበት ዕቃ አልቀረም፤ የመቀሱም፣ የክሩም፣ የመስኮቱም ስም በእንግዳዋ ቋንቋ ተጽፏል። ግን ምን ያደርጋል፣ ልብስ ሰፊዋ አንዱን ቃል ስትይዝ ሁለቱ ያመልጧታል። የምራቷ ንግግር እስከዚያች ቀን ድረስ ለጆሮዋ ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ ዝናብ ነበር።

ምራቷ የገፋ ሆዷን እያሻሸች በቋንቋዋ አንሾካሾከች። «አያትህን እንዳትፈራት፣ ልጄ። እኔም ፈርቻት ነበር፤ ግን እጇ ደግ ነው።»

ልብስ ሰፊዋ ደርቃ ቀረች። ማንም ሳይተረጉምላት ሁሉም ገብቷታል። እስፒሎቹን ከአፏ አወጣችና የምትመልሰውን ፈለገች፤ አፏ ላይ የመጡላት ግን ወረቀቶቹ ላይ ያሉት ቃላት ብቻ ነበሩ። መዳፏን የምራቷ ሆድ ላይ አሳርፋ ያላትን ሰጠች።

«መቀስ» አለች በምራቷ ቋንቋ። «ክር።» ቀጥላም፣ «መስኮት።»

ከመዳፏ ሥር ልጁ ተራገጠ።

«ወይ ጉድ!» አለች በራሷ ቋንቋ፣ እጇን ሳታነሳ። «ይሄስ ከኔ ቀድሞ ለመደው!»

ምራቷም፣ ማንም ሳይተረጉምላት፣ ከት ብላ ሳቀች።