ኪክ ኦፍ በተባለ ጊዜ

በመስኖው ምረቃ ቀን ደባልቄ የግድቡን በር መዘውር ጨብጦ ቆሟል። አለቃው መሐንዲስ ኅሩይ፣ «እንግዳው ‹ኪክ ኦፍ› ሲሉ ሥራው በይፋ ተጀመረ ማለት ነው፤ ውሃውን ልቀቅ» ብሎታል።

ድምፅ ማጉያው «ኪክ ኦፍ!» ሲል ሕዝቡ አጨበጨበ። ደባልቄ ግን በደረቁ ቦይ ውስጥ ሣር የሚያጭዱ ሽማግሌ አየና መዘውሩን ሳያዞር ቀረ።

ኅሩይ እየሮጠ መጣ። «ምን ትጠብቃለህ? ክፈት!»

«ቦዩ ውስጥ ሰው አለ፣ ጌታዬ።»

«ኪክ ኦፍ ሲባል አልሰማም እንዴ?»

«ሰምተዋል፤ አልገባቸውም እንጂ።»

ኅሩይ ወደ ታች እንኳ ሳያይ ገፍትሮት መዘውሩን ያዘ። ደባልቄ ቁልቁል ጮኸ፦ «አባት፣ ውሃ ሊለቀቅ ነው፤ ይውጡ!»

ሽማግሌው ማጭዳቸውን ጥለው እየዳኹ ወጡ፤ ከዚያም እያለከለኩ ቀና አሉ።

የኅሩይ እጅ ከመዘውሩ ላይ ወደቀ።

«አባዬ!» አለ።