ከሹራብ ስር

እትዬ ለተማርያም ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ወዳለችው የቅመም ሱቅ ገብተው እጃቸውን ሲዘረጉ፣ ባለሱቋ እንደ ልማዷ ትከሻዋን ብቻ አስቀደመች። ሽጉጥ መታጠቅ ከጀመረች ሦስት ወሯ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ሰው ሰላም ስትል ወገቧን ታሸሻለች። እሳቸው ግን በትከሻ የሚሸኙ ሴት አልነበሩም። ወገቧን ጥብቅ አድርገው አቀፏት፤ እጃቸውም ከሹራቧ ስር ያለው ጠጣር ነገር ላይ ደርሶ ቆመ። ነገ ፌርፋክስ ያለ ሐበሻ በሙሉ ስለ እሷ ሲያወራ ለባለሱቋ ታያት።

“ታጥቀሻል እንዴ?” አሉ በሹክሹክታ፣ እቅፋቸውን ሳይለቁ።

“አዎ እትዬ” አለች፤ አንገቷን አልደፋችም። “ክላስ ወስጄ፣ ተፈትኜ፣ የመታጠቂያ ፐርሚት አውጥቼ ነው። ሱቁን ብቻዬን ከፍቼ ብቻዬን ነው የምዘጋው።”

አሮጊቷ ሹራቧን ሳብ አድርገው አስተካከሉላትና ወገቧን ቸብ ቸብ አደረጉት። “ደግ አደረግሽ። ግን ወደ ኋላ ሸሸት አድርጊው። እዚህ ጋ ከሆነ ያቀፈሽ ሁሉ ያገኘዋል።”

ባለሱቋ ሳቋ አመለጣት። “እርስዎ ደግሞ ይሄን የት ያውቁታል?”

እትዬ ለተማርያም ነጠላቸውን ረጋ ብለው አጣፉ።

“ስንት ዓመት ሙሉ ስታቅፊኝ፣ የእኔን አንድ ቀን አግኝተሽው ታውቂያለሽ?”