መለያ የሌለው ቀሚስ

በዚያ ዘመን በሮች የሚከፈቱት ልብስ ውስጥ የተሸመነውን መለያ አይተው ነበር። መለያ የሌለውን ሰው አያውቁትም። የወይንሸት የሰባት ዓመት ልጅ ሶልያና ግን መለያው ሲነካት አትችልም፤ አንገቷን እስኪደማ ትቧጥጠዋለች።

ወይንሸት ብዙ አፈላልጋ ሽኩር የሚባሉ ልብስ ሰፊ አገኘች። እሳቸውም ስፌቱ ወደ ውጭ የዞረ፣ ቁልፍም መለያም የሌለው የጥጥ ቀሚስ ሰፉላት። ሶልያና እሱን ለብሳ ሳትነጫነጭ ዋለች። እናቷ ከክፍሉ ስትወጣ ግን መብራቱ ይጠፋባታል፤ ቤቱ ሰው ያለ አይመስለውም።

ሰኞ ጠዋት የትምህርት ቤቱ በር ወይንሸትን አስገብቶ ልጅቷ ላይ ተዘጋ።

“ልጄ ውጭ ቀረችብኝ፤ ክፈትልኝ ወንድሜ” አለችው ዘበኛውን።

“አይቻታለሁ እህቴ። ግን በሩ ለእኔም አይታዘዝም። የድሮውን ልብሷን አልብሻት።”

ወይንሸት ተመልሳ ወጣች። አጥሩ ጥግ ቀሚሱን አወለቀችላትና መለያ ያለውን ዩኒፎርም ከቦርሳዋ አውጥታ አለበሰቻት። ትጮሃለች ብላ ነበር። ሶልያና ግን የእጇን ጀርባ ነክሳ ዝም አለች።

በሩ ወዲያው ተከፈተ።

“ጎበዝ፣ ለመደችው” አለ ዘበኛው ከልቡ ደስ ብሎት።

ወይንሸት የልጇን እጅ ደም በሻርፗ ጫፍ ጠረገችና አስገባቻት።