«እንግዳ» የጻፈው መልእክት

በ2009 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ኢንተርኔት ጠፋ። የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ወቅት ነበር። በቢቸና የአንድ የገበሬዎች ዩኒየን የኮምፒውተር ባለሙያ የሆነው ታዘበው ግን እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። ከዕቃ ግምጃ ቤት አንድ አሮጌ ኮምፒውተር አወጣ፤ አቧራውን አራገፈና የመሥሪያ ቤቱ የራሱ የቻት ሰርቨር አደረገው። ከሞጣ ቅርንጫፍ ጋር የሚያገናኘው የውስጥ መስመር አልተቋረጠም፤ ሠራተኛው ብሮውዘሩን ከፍቶ በዚያው መስመር መጻጻፍ ጀመረ።

ሥራ አስኪያጁ ጋሽ ምንይሉ ነገሩን ወደዱት። ሁለት ነገር ብቻ አስቸገራቸው። ፓስዎርድ ይረሳሉ፤ ከመልእክቱ ጎን የሚወጣው የፈረንጅ ሰዓትም ግራ ያጋባቸዋል።

«አስተካክልልዎታለሁ፣ ጋሼ» አለ ታዘበው።

ለፓስዎርዱ ወዲያው ዘዴ አገኘ። «እንግዳ» የሚል ስም ከፈተና ማንም ሰው ያለ ፓስዎርድ እንዲገባበት ፈቀደ። ኋላ በዚህ ሥራው ራሱን ሲረግም ከረመ።

ረቡዕ ማለዳ ወደ ሞጣ ሄደ። ከጸሐፊዋ በቀር የቅርንጫፉ ሠራተኛ ሁሉ ለእህል ግዥ ገጠር ወጥቷል። ዘበኛው ከፈተለት፤ እሱም የቅርንጫፉን አንድ ለእናቱ የሆነ ኮምፒውተር ከሰርቨሩ ጋር ሲያገናኝ ብቻውን አረፈደ።

ጸሐፊዋ ወይንእሸት የደረሰችው ስድስት ሰዓት ላይ ነው። እጮኛው ናት፤ ሠርጋቸው ለጥር ተቆርጧል። ዓይኗ አብጦ ነበር። ሰኞ ከገበያው ከታፈሱት ወጣቶች አንዱ ያለው የሚባለው ታናሽ ወንድሟ ነው። ስንቅ ቋጥራ፣ በየበሩ ስትጠይቅ ነው ያረፈደችው።

«ያሉበትን ደረስሁበት» አለችው በሹክሹክታ። «አሮጌው የእህል መጋዘን ውስጥ ናቸው። የሌሎቹ እናቶች ግን አላወቁም።»

«ለማንም እንዳትናገሪ» አላት። የቻቱን አጠቃቀም አሳያት፤ ሰባት ሰዓት ላይ የመውጫ ሰዓቱን ፈርሞ ወደ መናኸሪያ ሄደ።

ሐሙስ ጠዋት የቢቸና ሠራተኛ ኮምፒውተሩን ሲከፍት አንድ መልእክት ጠበቀው። «ሰኞ የታፈሱት ልጆች ያሉት ከአሮጌው የእህል መጋዘን ነው። እናቶች፣ ስንቅ አድርሱላቸው።» የላኪው ስም «እንግዳ» ይላል። ዕለቱ ረቡዕ፣ ሰዓቱ 3:10። ሰርቨሩ የላኪውን ኮምፒውተር ቁጥርም ይዟል፤ የሞጣው ነው።

ታዘበው ሰዓቱን ደጋግሞ አየ። መልእክቱን ሊያጠፋ ተነሣ፤ ወሬው ግን ቀድሞታልና ተወው። በቀትር የሞጣ እናቶች ሞሰባቸውን ይዘው መጋዘኑን ከበቡት።

ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኑ አልዞረም። መኪና ባለፈ ቁጥር ተነሥቶ በመስኮት ያያል። ከዚህ ባነሰ ነገር የተወሰዱ ሰዎች ያውቃል፤ የት እንዳሉ እስካሁን የሚነግር የለም። ለጥር ስለተቆረጠው ሠርግ አሰበና አለቀሰ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል።

ዓርብ ከቀትር በኋላ ሁለት ሰዎች መጡ። ስማቸውን አልተናገሩም፤ የጠየቃቸውም የለም። አንደኛው የሞጣን የሰዓት ፊርማ መዝገብ በብብቱ ይዟል። ሰርቨሩ ፊት ቆመና ጣቱን መልእክቱ ላይ አኖረ።

«ይህ ሦስት ሰዓት ከአሥር የፈረንጅ ነው የእኛ?»

ታዘበው ጎንበስ ብሎ ሰዓቱን አየ።

«የእኛ ነው» አለ። «ጋሽ ምንይሉ ግራ ስለተጋቡ አስተካከልሁት።»

ሰውየው አጠገባቸው ወደቆሙት ሽማግሌ ሥራ አስኪያጅ ዞረ።

«እውነቱን ነው፣ እኔ ነኝ የለመንሁት» አሉ ጋሽ ምንይሉ። ልጁን የረዱት መስሏቸዋል።

ሰውየው መዝገቡን ገለጠ። «ጸሐፊዋ የገባችው ስድስት ሰዓት ነው። እሷ አይደለችም።» ጣቱ ወደ ታች ወረደና ቆመ። «ታዘበው። የገባ ሁለት ሰዓት፣ የወጣ ሰባት ሰዓት። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ከዚያ ኮምፒውተር ፊት ሌላ ሰው ነበረ?»

«አልነበረም።»

«ዘበኛውስ?»

«ዘበኛው ማንበብ አይችልም።»

«እንግዲያ የጻፍኸው አንተ ነህ።»

ታዘበው አንገቱን ደፋ። እጆቹን ከብብቱ ወሸቀ። «አዎ» አለ።

«ኧረ በጊዮርጊስ!» ጋሽ ምንይሉ ጮኹ። «አንተ ልጅ፣ ምን ነካህ? እናትህን አላሰብህም? ሠርግህን አላሰብህም?»

«አስቤያለሁ፣ ጋሼ።»

ሁለተኛው ሰው ክንዱን ያዘው። ታዘበው በሩ ላይ ሲደርስ ዞረ።

«ለእጮኛዬ አንዲት ቃል ልጻፍላት።»

ሰዎቹ ተያዩ። «እያየንህ ጻፍ። ቶሎ በል።»

ተቀመጠ። ቀስ ብሎ ጻፈ፤ «ወይንእሸት፣ አታልቅሺ። ያለው ሲፈታ ሰላም በይልኝ።» ሰውየው በትከሻው በኩል አነበበና «ይበቃል» ብሎ ወደ በሩ ዞረ።

ከጊዮርጊስ ያስቀደሰው ሰው በመስኮቱ ሥር እየተበተነ ነበር። ጋሽ ምንይሉ የእጅ ሰዓታቸውን አዩ፤ ዘጠኝ ሰዓት ከአራት ደቂቃ ሆኗል፤ ጾም መፍቻው ደርሷል፤ እህል የሚያስበላ ሆድ ግን አልነበራቸውም።

ታዘበው «ላክ» የሚለውን ተጫነ፤ ሰርቨሩም ከመልእክቱ ጎን ሰዓቱን መዘገበ፤ 3:04።